ስሙ አንድ፣ ዕቃው ሁለት፤ የቤተ ሙከራ መሣሪያ ለሚያስመጡ ነጋዴዎች የቀረበ ማስታወሻ

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው ዐቢይ መንገድ አጠገብ የሚገኘው የንግድ ቤታችን ሚዛን፣ የመስታወት ዕቃና የትምህርት ቤት መገልገያ ሲያስመጣ የኖረ ቤት ነው። መስኮቱ ወደ ሰሜን ስለሚመለከት ማለዳ ወደ ሥራ ስንገባ የየካን ኮረብታና ከእርሱ ወደ ምዕራብ የሚቀጥለውን የእንጦጦን ጋራ ከነባሕር ዛፉ ፊት ለፊት እናያለን። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዚሁ ቤት በጸሐፊነት የሚያገለግል ሲሆን፣ ትምህርቱም ከሁለተኛ ደረጃ ያለፈ አይደለም። ስለዚህ ብዕሩን ያነሣው ስለ ሕክምና ጥበብ ለማስተማር ሳይሆን፣ አንድ የማናውቀውን መሣሪያ ለማስመጣት በተነሣን ጊዜ ያገኘነውን ትምህርት ለሙያ ባልደረቦቻችን ለማካፈል ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ገጽ ደብዳቤ ነበር። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለጂኖሚክስ ቤተ ሙከራው የሚሆኑ ዕቃዎች ለመግዛት አስቦ ፕሮፎርማ እንድናቀርብ ጠየቀን። ከዝርዝሩም መካከል «የቲሹ ማይክሮአሬይ መሣሪያ፣ ብዛት 1» የሚል ሰፍሮ ነበር። ጌታችን ነጋዴው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ካነበቡ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው፣

«ይህ ማይክሮአሬይ የሚሉት ነገር ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ጋሼ፣ የዘር መመርመሪያ መሣሪያ ይመስለኛል» አልኋቸው።

«በ‹ይመስለኛል› ዶላር አይገዛም፤ አጣርተህ ንገረኝ» አሉኝ።

ምክራቸው ትክክል ነበር፤ ያልፈጸምሁት ግን እኔ ነኝ። የማስገቢያው ቀን ስለ ተቃረበ «ቲሹ» የሚለውን ቃል ትቼ፣ ለጂኖሚክስ ቤተ ሙከራ የሚሆን የማይክሮአሬይ መሣሪያ ዋጋ እንዲልክልን ለውጭ አገሩ አቅራቢ ጻፍሁ። እርሱም የጠየቅሁትን ላከ። ፕሮፎርማውን አስገባን፤ ገምጋሚዎቹም ስሙን አይተው አሳለፉት። በባንክ ኤል ሲ ለማስከፈት ሁለት ቀን ሲቀረን ከቤተ ሙከራው አንዲት ባለሙያ ስልክ ደወሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ ሴትዮዋ፤ «ባቀረባችሁት ዝርዝር ውስጥ የመርፌዎቹን ስፋት አላገኘሁትም። 0.6 ሚሊ ሜትር ነው ወይስ 1 ሚሊ ሜትር?»

እኛ ያቀረብነው መሣሪያ አንድም መርፌ አልነበረውም። በዚያች ሰዓት በእጄ የያዝሁት ስልክ ከድንጋይ ይልቅ ከበደኝ።

ሁለቱ ማይክሮአሬዮች

ከዚያ ወዲያ ጠይቀን እንደ ተረዳነው በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ።

የመጀመሪያው የዲ.ኤን.ኤ. ማይክሮአሬይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እንደ ገለጹት፣ በአንዲት ትንሽ መስታወት ላይ ብዙ ዓይነት የዲ.ኤን.ኤ. ነጠብጣቦች በረድፍ ይሰፍራሉ፤ ከናሙና የተገኘ በቀለም የተለየ ፈሳሽም ይፈስበታል፤ ከዚያም ስካነር የሚባለው መሣሪያ የየነጠብጣቡን ብርሃን እያነበበ የትኛው ጂን ምን ያህል እንደሚሠራ ያሳያል። እኛ ዋጋውን ያቀረብነው ለዚህ ስካነር ነበር።

ሁለተኛው የቲሹ፣ ማለትም የኅብረ ሕዋስ ማይክሮአሬይ ነው። ይህኛው የሚሠራው በፈሳሽ ሳይሆን በሰም ውስጥ በተቀመጠ ሥጋ ነው። ሐኪም በቀዶ ጥገና ከበሽተኛ ያወጣው ቁራጭ በፎርማሊን ይነከራል፤ ውኃው በአልኮል ይወጣለታል፤ በመጨረሻም በቀለጠ ፓራፊን ሰም ይሞላል። ሰሙ ሲረጋ ከክብሪት ቀፎ ያነሰ ጡብ ይሆናል፤ ባለሙያዎቹም ብሎክ ይሉታል። በደንብ የተሠራ ብሎክ ለብዙ ዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል።

ቡና ላኪ የሆኑ አንባቢዎቻችን የቀረውን ለመረዳት አይቸገሩም። የቡና መርማሪ ጆንያውን ሁሉ ሳያራግፍ በሹል ቱቦ ወግቶ ጥቂት ፍሬ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ይህ መሣሪያም በቀጭን ክፍት መርፌ ከየበሽተኛው ብሎክ አንዲት ዘንግ መሰል ናሙና ይስባል። የናሙናይቱ ስፋት ብዙውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያም ባዶ በሆነ አዲስ የሰም ብሎክ ላይ እንደ ማር እንጀራ በረድፍ በተበሱት ቀዳዳዎች ውስጥ ናሙናዎቹን አንድ በአንድ ይተክላቸዋል። እንዲህ ሆኖ የተሰናዳው ብሎክ በማይክሮቶም ከ4 እስከ 5 ማይክሮ ሜትር በሚሆን ውፍረት እየተሸለተ በመስታወት ስላይድ ላይ ሲለጠፍ፣ በአንዲት ስላይድ ላይ የመቶዎች በሽተኞች ናሙና ጎን ለጎን ይታያል።

ጥበቡ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 ሄክተር ባቲፎራ የተባሉ በአሜሪካ የሚሠሩ የፓቶሎጂ ሐኪም የብዙ ዕጢዎችን ቁራጭ እንደ ቋሊማ ጠቅልለው በአንድ ብሎክ ውስጥ ማኖር እንደሚቻል አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ዩሃ ኮኖነን፣ ኦሊ ካሊዮኒሚና ባልደረቦቻቸው ናሙናዎቹን በመርፌ በረድፍ የመትከልን ዘዴ አሳተሙ፤ በአንድ ብሎክ ውስጥ እስከ 1000 ናሙና ማስፈር እንደሚቻልም ገለጹ። በንግድ ዓይን ሲታይ የዚህ ጥቅም ግልጽ ነው። በየስላይዱ ላይ የሚፈሰው አንቲቦዲ እጅግ ውድ ነው፤ መቶ ስላይድ ይፈጅ የነበረው ሥራ በአንድ ስላይድ ሲፈጸም ገንዘብም ጊዜም ይቆጠባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ እዚህ ግን ሃምሳው ሸክም በአንድ ሰሃን ላይ ተሰብስቦ ቀለለ ማለት ነው።

ጉድለትም አለው። ትንሽ ናሙና ሁልጊዜ ዕጢውን በሙሉ አይወክልምና፣ ከየብሎኩ ሁለት ወይም ሦስት ናሙና መውሰድ የተለመደ ነው። የቡና መርማሪም ጆንያውን በአንድ ወገን ብቻ ወግቶ አይፈርድም።

ነገሩ ለአገራችን ምን ይጠቅማል

በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘውና በ1902 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ለረጅም ዘመን የአስከሬን ምርመራ ሲካሄድበት የኖረ መሆኑ በከተማው ሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነው። የሰው አካል ናሙና መርምሮ የበሽታን ምክንያት ማወቅ ለሠፈራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ከ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ይያዛል። በአገራችን ሴቶች ላይ ከሌሎቹ የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ በብዛት የሚገኘው የጡት ካንሰር ሲሆን፣ የማኅፀን በር ካንሰር ይከተለዋል።

የጡት ካንሰር ዕጢ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን የሚቀበል ዕጢ ታሞክሲፈን በሚባል ርካሽ ክኒን ይታከማል፤ የማይቀበለው ዕጢ ግን በዚህ መድኃኒት አይመለስም። ይህን የሚለየው የኅብረ ሕዋስ ምርመራ ነው። በርግጥ የእያንዳንዷ በሽተኛ ሕክምና የሚወሰነው በራሷ ብሎክ ምርመራ እንጂ በማይክሮአሬይ አይደለም። ይሁን እንጂ በአገሪቱ ውስጥ የትኛው ዓይነት ዕጢ እንደሚበዛ፣ አዲስ የምርመራ ዘዴም በእኛ ሰው ላይ እንደሚሠራና እንደማይሠራ ብዙ ናሙና በአንድ ጊዜ ለመመርመር ይህ መሣሪያ ሁነኛ መንገድ ነው። መሣሪያው በአገር ውስጥ ከሌለ ተመራማሪው ብሎኩን ወደ ውጭ አገር ለመላክ፣ ስለ ናሙናውም የማስተላለፊያ ስምምነት ለመዋዋልና ተራ ለመጠበቅ ይገደዳል። ስለዚህ አስመጪው በአንዲት ቃል ስሕተት ሌላ ዕቃ ቢያመጣ የሚጎዳው የራሱ ካዝና ብቻ አይደለም።

ባንክ ሰነድ እንጂ ዕቃ አይመረምርም

ስልኩ ባይደወል ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ብዙዎቻችን ኤል ሲ ከከፈትን በኋላ ባንኩ ከጥፋት ይጠብቀናል ብለን እንተማመናለን። ይህ ግን በከፊል ብቻ እውነት ነው። ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ የሚሠራበት ዩ.ሲ.ፒ. 600 የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ በአምስተኛው አንቀጹ፣ ባንኮች የሚመለከቱት ሰነዶችን እንጂ በሰነዶቹ የተጠቀሰውን ዕቃ እንዳልሆነ ይናገራል። ሻጩ በኤል ሲው ላይ የተጻፈውን ስካነር ጭኖ የተሟላ ሰነድ ቢያቀርብ ባንኩ ይከፍላል። ሻጩም አልበደለም፤ የጠየቅነውን ልኳልና። ስካነሩ ቦሌ ከደረሰ በኋላ «እኛ ያሰብነው ሌላ ነበር» ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ይሆን ነበር።

በዚህ ላይ የምንዛሪው ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፣ ቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ እንደ ሆነ ሁላችንም እናስታውሳለን። በብር የተወሰነ ዋጋ አቅርቦ ለወራት የሚጠብቅ ነጋዴ ትርፉን ብቻ ሳይሆን ዋናውንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በፕሮፎርማው ላይ ዋጋው የሚጸናበትን ቀን በግልጽ መጻፍ፣ የምንዛሪ ለውጥ ቢመጣ ማን እንደሚሸከመውም ከገዢው ጋር አስቀድሞ መዋዋል ይገባል።

ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ ነገሮች

ባለሙያዋ በትዕግሥት ካስረዱን፣ ከልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ከተላኩልን ጽሑፎችም ካገኘነው ለአንባቢዎቻችን የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ መሣሪያው በእጅ የሚሠራ ነው ወይስ አውቶማቲክ? የመጀመሪያዎቹን በእጅ የሚሠሩ መሣሪያዎች ለገበያ ካቀረቡት መካከል የአሜሪካው ቢቸር ኢንስትሩመንትስ ይጠቀሳል፤ አውቶማቲኮቹን ከሚሠሩት አንዱ ደግሞ በቡዳፔስት የሚገኘው የሃንጋሪው ስሪዲሂስቴክ ነው። በእጅ የሚሠራው ዋጋው እጅግ ያነሰ ነው፤ ሥራውም በብሎንና በመርፌ ስለ ሆነ መብራት ሲጠፋ አይቆምም፤ ነገር ግን የሠለጠነ እጅና ብዙ ሰዓት ይጠይቃል። አውቶማቲኩ ፈጣን ነው፤ ሆኖም ኮምፒዩተር፣ የማያቋርጥ ኃይልና የጥገና ውል ይፈልጋል። በዓመት ጥቂት ብሎክ ብቻ ለሚያሰናዳ ቤተ ሙከራ ውዱን መሣሪያ ማቅረብ ለጊዜው ኮሚሲዮን ያስገኝ ይሆናል፤ ሥራ ፈትቶ አቧራ ሲለብስ ግን የሻጩን ስም ይዞ ነው።

ሁለተኛ፣ መርፌው ስንት ነው? መርፌ ይደንዛል፤ ይታጠፋል። ሰጪውን ብሎክ የሚወጋውና ተቀባዩን የሚበሳው መርፌ ስፋታቸው በጥቂቱ የተለያየ ስለ ሆነ በጥንድ ይገዛሉ። ያለ መለዋወጫ መርፌ የተገዛ መሣሪያ ክር የሌለው የስፌት መኪና ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ አጋዥ ዕቃዎቹ አሉ ወይ? ማይክሮቶም፣ የማይክሮቶም ምላጭ፣ የሸለቱትን የሚያንሳፍፉበት የሙቅ ውኃ ገንዳ፣ ናሙና የማይለቅ ልዩ ስላይድ፣ ጥሩ ፓራፊንና ዛይሊን ያስፈልጋሉ። ማይክሮቶም በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ታሪፍ በ90.27 ቁጥር ሥር ይመደባል፤ የቀሩትን ምድብ ከትራንዚተር ጋር ሆኖ ዕቃው ሳይጫን ማጣራት ይበጃል። ዩኒቨርሲቲው ከቀረጥ ነፃ የሚያስገባበት ደብዳቤ ካለው፣ ከኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ፈቃድ የሚያስፈልግ እንደ ሆነ፣ ይህም በጊዜው ይጠየቅ።

አራተኛ፣ በምን ይጫናል? ዛይሊን ተቀጣጣይ ፈሳሽ ስለ ሆነ ከመሣሪያው ጋር በአንድ ሣጥን በአውሮፕላን አይላክም፤ አደገኛ ጭነት ተብሎ የራሱ ማሸጊያና ሰነድ አለው። አንቲቦዲ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ይጓዛልና ዓርብ ማታ ቦሌ ደርሶ እስከ ሰኞ እንዳይቆይ የበረራው ቀን ይታሰብበት። ፓራፊን ደግሞ ከ56 እስከ 60 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጣል፤ በጅቡቲ ፀሐይ ውስጥ ተዘግቶ ለሚቆም ኮንቴይነር ይህ ሩቅ ነገር አይደለም።

አምስተኛ፣ መሣሪያው ከአገራችን ጋር ይስማማል ወይ? የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ለአሜሪካ የተሠራ መሣሪያ ሳይለወጥ ቢመጣ ይቃጠላል። ሌላም ለብዙዎች ያልታሰበ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። በእንጦጦ አፋፍ የምትኖር ባልቴት ባቄላ ለማብሰል ብዙ እንጨት እንደሚፈጅባት ታውቃለች። ስላይዶቹ አንቲቦዲ ከመፍሰሱ በፊት ከ95 እስከ 100 ዲግሪ በሚሆን ፈሳሽ መቀቀል ሲኖርባቸው፣ ክፍት ገንዳ በእኛ ከተማ ወደዚያ አይደርስም። ስለዚህ እንደ ቤት ፕሬዠር ድስት በግፊት የሚሠራ መቀቀያ አብሮ መታዘዝ አለበት። ይህን የውጭ አገሩ አቅራቢ በራሱ አያስብልንም፤ የሚኖረው በሜዳ ነውና።

ስድስተኛ፣ ማን ያስተምራል? ማንስ ይጠግናል? ከመስኮታችን በሚታየው በእንጦጦ ጋራ ላይ፣ 3200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ፣ በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጠፈር መመልከቻ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ያን የመሰለ መሣሪያ ጋራ ላይ በማውጣት ብቻ አያገለግልም፤ መንገድ፣ ኃይል፣ ከሁሉም በላይ የሚያሠራ ሰው ይፈልጋል። የኅብረ ሕዋስ መሣሪያም በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ዕቃ ቢሆን ሕጉ ያው ነው። የሥልጠናውና የመጀመሪያው ዓመት ጥገና ዋጋ በፕሮፎርማው ውስጥ በተለየ መስመር ይጻፍ።

ፍጻሜው

የባለሙያዋ ስልክ በተደወለ ዕለት ማታ ለጌታችን ነጋዴው የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ወደ ጋራው ተመለከቱ።

«ሌላ ሰው ያውቃል?» አሉ።

«ከሴትዮዋ በቀር ማንም አያውቅም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ሁሉም ይወቀው። ደብዳቤ ጻፍ፤ ስሕተቱ የእኛ ነው በል።»

ደብዳቤው ተጻፈ። ዩኒቨርሲቲው ያን ዕቃ ከግዥው አውጥቶ በአዲስ ዝርዝር ደግሞ ጠየቀ፤ ዝርዝሩም በዚህ ጊዜ የመርፌውን ስፋትና የመብራቱን ቮልት ሳይቀር የያዘ ነበር። እኛም እንደገና ተወዳደርን፤ ነገር ግን ሌላ ቤት ከእኛ ባነሰ ዋጋ አቅርቦ አሸነፈ። ይህን ስንጽፍ ቅር አላለንም ብንል ውሸት ይሆናል። ሆኖም ከጥቂት ወራት በኋላ ያችው ባለሙያ ደውለው ስላይድና ፓራፊን ከእኛ ዘንድ እንደሚገኝ ጠየቁ። ዛሬ ቤተ ሙከራው የዘወትር ደንበኛችን ነው። የስላይድ ትርፍ ትንሽ ነው፤ ግን በየሦስት ወሩ ይመለሳል።

ክቡራን አንባብያን፣ ከመደርደሪያችን የማይገኝ አዲስ ዕቃ ሁሉ አዲስ ስም ይዞ ይመጣል። ስሙን በጆሮ ሰምቶ ዋጋውን በዶላር ከመጻፍ በፊት ዕቃውን በእጁ የሚሠራበትን ሰው ፈልጎ «በዚህ ምን ያደርጉበታል?» ብሎ መጠየቅ የአንድ ስልክ ዋጋ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። በእኛ ቤት ከዚያ ቀን ወዲህ ያለዚህ ጥያቄ የሚወጣ ፕሮፎርማ የለም፤ ጥያቄውንም የሚጠይቀው፣ መልሱንም በፋይሉ ፊት ገጽ ላይ የሚጽፈው ይህ ጸሐፊ ነው።